ፍርሃታችንን ማን ይቅረጸው?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ ታርሞ የወጣ



አዘጋጆቹ ስለ ልብ ወለድና ስለ ፊልም አንድ ነገር ተናገር ሲሉኝ ቶሎ እሺ ያልኩት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ዓምና ከእኛው ምሩቃን አንዱ፣ የቆቦ ልጅ፣ ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። በእጁ የጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ ያውም የሚያስፈራ ልብ ወለድ። ታሪኩ የሚጀምረው ማሽላ ማሳ መሀል፣ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ከሚጠብቅ ልጅ ነው። መጻፉ ብቻ አልበቃውም፤ ካሜራ ተውሶ በራሱ ፊልም ሊያደርገው አስቧል። አነበብኩትና እንደ ታላቅ ወንድም ሆኜ «ተወው» አልኩት። «ይኼ አገር የሚያስፈራ ነገር ጠግቧል። ፍቅር ጻፍ፣ ቀልድ ጻፍ። ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊስቅ ነው» አልኩት። ደብተሩን ተቀበለኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፤ ያቺ «እግዜር ይስጥልኝ» ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ።

ምክሬ ስሕተት ነበር። ለምን ስሕተት እንደሆነ የገባኝ በአብዛኛው የአንድ ሰው ሥራ መልሼ ሳይ ነው፤ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ። እሳቸው አስፈሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አገሩ። ከወልድያ ተነስታችሁ ወደ ቆቦ ስትወርዱ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ የደጋው ግድግዳ፣ መሀሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የራያን ቆላ የማታውቁ ሰዎች ስለዚህ ሜዳ አንድ ነገር ልታውቁ ይገባል፤ ሜዳው ላይ ዝናብ ሳይጥል ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ታች ሰማዩ በከዋክብት ሞልቶ እያለ ወንዙ ደርቆ ያመሸ አሸዋ በድንገት ይነሳል። ገበሬው ይህን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል፤ እህሉ የሚበቅለው በዚያ ነው። ስለዚህ ሌሊት አካፋውን ይዞ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ ከሩቅ የሚጉረመርም ነገር፣ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ከዚያ የአፈር ሽታ። የሚያበላው ነገር ሊገድለው የሚችለው ያው ነገር ነው። እንግዲህ አስፈሪ ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ከየት ሊያመጣ ነው?

ማሽላውንም አስቡት። ሲደርስ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። መሀሉ የገባ ሰው ፊቱን እንጂ ወዲያ አያይም። ማማው ላይ ያለው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከላይ ሲያይ ደግሞ ማሳው ውስጥ ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ነፋስ ይሁን ጦጣ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። እኛ ልጆች ሳለን ጅብ የሚሆን ቡዳ፣ ሕፃን የሚበላ ጭራቅ፣ ወንዝ ዳር የሚቀመጥ ጋኔን ሁሉ እዚያ ማሳ ውስጥ ነበሩ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሰፈር ስለሚኖር ጂኑም ዛሩም የጋራ ነው። ፈሪ ልጅ በሁለቱም ወገን ይፈራል፤ እኔ በሁለቱም ፈርቻለሁ።

ታዲያ ይህን ያህል ስንቅ ይዘን በአማርኛ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚያስፈራ ልብ ወለድ ለምን ጠፋ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለውን መጽሐፍ ሮም ላይ ካሳተሙ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ፍቅር አለን፣ ታሪክ አለን፣ የስለላ መጽሐፍ ሳይቀር አለን። ከእኛው ከወሎ፣ ከዋግ የተገኙት ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍታቸው ስንት ሌሊት ኩራዝ አስፈጅተውናል! አስፈሪው ግን ስሙ እንኳን በአማርኛ አልጸናም፤ «ሆረር» እያልን ነው የምንጠራው።

እኔ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ዘንድ የሚያስፈራው ነገር መጽሐፍ ውስጥ አርፎ አልተቀመጠም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ፤ በ1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህን ያየ ጸሐፊ ጭራቅ ፈጥሮ ሰው ላስፈራ ቢል አያምርበትም፤ እንዲህ ነበር የማስበው። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። እኛ ባንጽፈውም ባንቀርጸውም፣ የእኛ ፍርሃት ተቀርጿል። ያውም እዚያው ከቆቦ አፍንጫ ሥር።

ከቆቦ በዋጃ በኩል አላማጣ ትደርሳላችሁ፤ ከአላማጣ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታችሁ ኮረም ትገባላችሁ። ከቆላው ወበቅ ወጥታችሁ በቀጥታ ብርድ ላይ ነው የምትወድቁት። በ1977 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን እዚያ ያነሱት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን ለንደን ላይ ታየ። ከዚያም ከአራት መቶ በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስተላለፉት። ዘፈኑ፣ ኮንሰርቱ፣ የእርዳታው እህል ሁሉ የመጣው ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ፊልም በኋላ ነው። የሰውየውን ሥራ ላጣጥል አይደለም። መሐመድ አሚን በ1989 ኅዳር ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው በተጠለፈው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ያ ፊልም ባይኖር ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይኖር ሰው አለ። ምናልባት እኔ ራሴ።

እናቴ በ1977 ከቆላው ወደ ኮረም የወጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን የማውቀው በደምሳሳው ነበር፤ አትነግረንም። እዚህ ግቢ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ያንን ፊልም ክፍል ውስጥ አሳየን። ጓደኞቼ ያለቅሳሉ፣ ማስታወሻ የሚይዝም አለ። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፤ ነጠላ የተከናነበች ሴት ባለፈች ቁጥር ፊቷን እፈልጋለሁ። አያቴን ነው የምፈልገው። ወጥታ አልተመለሰችም። ያ ሁሉ ሰው ተቀርጿል፣ አንድም ሰው ስም የለውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ላፕቶፕ ይዤ ቆቦ ሄድኩና እናቴን አሳየኋት። ማሳየት አልነበረብኝ ይሆናል። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ «ልክ ነው፣ እንዲህ ነበር» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ሚያስፈራው ግን ይኼ አልነበረም» አለች። ምን ነበር ብላት፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ሌሊቱን ሲያስል ያድራል አለች፤ እንቅልፍ ይከለክልሻል፣ ትበሳጫለሽ፣ ምነው ዝም ባለ ትያለሽ። ሊነጋጋ ሲል ዝም ይላል። ያኔ ዞረሽ ለማየት ነው የምትፈሪው። ቡናዋን አነሳች፤ ሌላ አልተናገረችም።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ተምሬአለሁ፤ ስለ ፍርሃት ብዙ አንብቤአለሁ። ዞሮ ማየት መፍራት ማለት ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ። የለንደኑ ካሜራ የመጣው ከነጋ በኋላ ነው። ፊልሙ ራሱ በንጋት ነው የሚጀምረው። ሌሊቱን የሚያውቀው እዚያ ያደረ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፕሮፌሰር ኃይሌ ልምጣ። የተወለዱት በ1938 ጎንደር ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የሳቸው ነው። እሳት ዳር ተረት የምትነግራቸው አያትም ነበረቻቸው። በሌላ በኩል ከተማው ሲኒማ ቤት ነበረው፤ ኃይሌ ልጅ ሳሉ ታርዛንን ሲያዩ ለታርዛን ይደግፉ እንደነበር፣ ጥቁሮቹ ከኋላው ሲመጡበት ተጠንቀቅ ብለው ይጮኹ እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። አስፈሪ ፊልም ማለት እኮ ይኸው ነው፤ የሚፈራው ማን ነው፣ የሚያስፈራው ማን ነው የሚለውን ካሜራው ይወስናል። የጎንደር ልጅ ራሱን የመሰለውን ሰው እንዲፈራ ተደርጎ ነበር።

ወደ አሜሪካ ሄደው ቺካጎ ቲያትር፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ። እዚያ ከነቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ጋር የሆሊውድን ደጅ ሳይጠኑ ፊልም መሥራት የጀመረው ትውልድ አባል ሆኑ። በ1966፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አገር ቤት ገብተው በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ተዋናይ ባልሆኑ ገበሬዎች «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው፤ ፊልሙ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ባላባቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከታች የሚያርሱትን ሲጮህባቸው ይውላል። ምንም ደም አይታይም። ከብት የምትጠብቀው ልጅ የባላባቱን ላም ለማዳን ስትል ወንዝ ሲወስዳት ግን፣ የቆቦ ሰው የሆነ ሁሉ ወንበሩን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ጎርፉን እናውቀዋለና! ደግሞ ልጅቷን የሚገድላት ጎርፉ ብቻ አይደለም፤ ላሟ ከጠፋች የሚደርስባትን ከጎርፉ ይልቅ ፈርታለች።

«ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ታሪኩን አጥንቱ ድረስ ብትገፉት የሙታን መንፈስ ታሪክ ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የፎቶ ሞዴል ጋና ውስጥ ባሮች ይጫኑበት በነበረ ምሽግ ፎቶ ትነሳለች፤ ወደ ምድር ቤቱ ትወርዳለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ጨለማው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ያዩአታል። ከዚያ ስትወጣ በባርነት ዘመን ናት። ይህን ትዕይንት ለልጁ ደብተር ጎን አድርጌ ሳስበው ነው ያፈርኩት። እንግዲህ ፍርሃት ቀልድ አይደለም፣ አገር ከቆሰለበት ቦታ ይጀምራል ብለው የሠሩትን ፊልም እያደነቅሁ፣ ልጁን «ሰው ሊስቅ ነው የሚገባው» ማለቴ ምን የሚሉት ነው?

ከፊልሙ ይልቅ ግን ፊልሙ ከተሠራ በኋላ የሆነው ይበልጣል። «ሳንኮፋ» በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አከፋፋይ አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራይተው፣ በየከተማው ሰው አስተባብረው አሳዩት። ሰው ተሰለፈ። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ያስተምሩበት ከነበረው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው «ሳንኮፋ» የተባለው የመጽሐፍና የቪዲዮ ቤት ስሙን ያገኘው ከዚያ ፊልም ነው። እዚያ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቡና ይጠጣል፣ መጽሐፍ ይገዛል፣ ክርክር አይጠፋም። «ጤዛ»ም እንዲሁ ገንዘብ ሲፈለግለት ዓመታት ፈጅቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። እዚያ ውስጥ ወጣቶች ከወታደር አፈሳ ዋሻ ገብተው ሲደበቁ ያያችሁ እንደሆነ፣ የኔ እኩዮች ታላላቅ ወንድሞቻቸው የት ይተኙ እንደነበር ያስታውሳሉ።

ስለ ባለቤትነት ይህን ሁሉ የማወራው አንድ የአሜሪካ ታሪክ ስላለ ነው። ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል ሰው በ1968 እ.ኤ.አ. ፒትስበርግ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙታን የሚነሱበትን ፊልም ሠራ። ዛሬ የምታዩት የ«ዞምቢ» ፊልም ሁሉ ከዚያ የተወለደ ነው። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለመብትነት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ ተነስቶ ቀረ። በጊዜው ሕግ መሠረት በዚያች ስሕተት ፊልሙ ባለቤት አልባ ሆነ፤ የፈለገ ሁሉ አባዝቶ ሸጠው። ሰውየው በኋላ ልብ ወለድም ጽፏል፤ ትልቁ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ ነው በሌላ ደራሲ እጅ ተጠናቆ የወጣው። በሌላ ወገን ናይጄሪያን ተመልከቱ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኬኔት ንኔቡዌ የተባለ የቪዲዮ ካሴት ነጋዴ ለሀብት ብሎ ሚስቱን የሠዋ ሰው በመንፈሷ ሲሳደድ የሚያሳይ ፊልም አስቀረጸና በካሴት ራሱ ሸጠው። የናይጄሪያ ሲኒማ የሚባለው ግዙፍ ነገር ከዚያ ተነሳ ይላሉ። እንግዲህ የአፍሪካ ትልቁ የፊልም ገበያ በር የተከፈተው በአስፈሪ ፊልም ነው፤ «ሰው ሊስቅ ነው» ባዩን እኔን ጨምሮ ስንቱን አሳፈረ።

ለልጁ ይህን ነበር መንገር የነበረብኝ። በአገራችን በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ሥራህን ገና እንደፈጠርከው ይጠብቅልሃል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት። ደብተርህን ለማንም ካሜራ አለኝ ባይ በቃል አትስጥ። ውል ጻፍ። ማስተርህን ቤትህ አስቀምጥ። ይቺን ምክር ለመስጠት የሕግ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን በሷ ፈንታ «ቀልድ ጻፍ» አልኩ።

ለመምህሮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የእንግሊዙ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ፊልም አንስቶ በጥቅምት 1966 ከማሳየቱ በፊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ አሳይተው ነበር። ዓለም የሚያስታውሰው የእንግሊዙን ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከንጉሡ ግብዣ ጋር ተቀነባብሮ በቴሌቪዥን የታየውም እሱ ነው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። መጀመሪያ የደረሰው ግን የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ከንግግሩ በኋላ ይንገረኝ፤ የምሬን ነው።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ነበረው። ብዙ ተቀርጿል። ከዚያ ውስጥ እስካሁን የማላየው፣ ለማየት አቅም ያጣሁበት አለ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ግን ሌሊቱን ያደረው ሰው ካልተናገረው፣ ያ ሁሉ በስልክ የተቀረጸ ነገር እንደ ኮረሙ ፊልም ስም አልባ ፊት ሆኖ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። የልጁ ደብተር ውስጥ ማማው ላይ ያለው ልጅ ስም አለው። የአባቱም ስም አለ፣ የላሚቱም ስም አለ። ያን ጊዜ ሳነበው ይኼን ሁሉ ስም ምን አመጣው፣ አሳጥረው ብዬው ነበር። ኧረ እንኳን አልሰማኝ።

ባለፈው ወር ደወልኩለትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ። ለካ እኔን ጠብቆ አልተቀመጠም፤ መክፈቻውን ቀይሮታል። አሁን ታሪኩ የሚጀምረው በጨለማ ነው፤ ምንም ሳይታይ ለብዙ ጊዜ የጎርፉ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እናቴ ስለ ሳሉ የነገረችኝን ነገርኩት፤ ዝም አለና «ጋሼ፣ እሷን ላግኛት?» አለኝ። ጠየቅኋት። «ይምጣ፣ ቡና አፈላለታለሁ» ብላለች፤ ፊቷ ግን እንዳይቀረጽ፣ ድምፅ ብቻ።

ካሜራው አለው። የጎደለው ጥሩ የድምፅ መቅረጫ ነው፤ በስልክ የተቀረጸ ጎርፍ ጎርፍ አይመስልም። ከእናንተ መካከል ወይም በመምህራኑ ክፍል ለጥቂት ሳምንት የሚያውሰው ያለ እንደሆነ ስሙን ለእኔ ይስጠኝ፤ በጽሑፍ ተፈራርመን ነው የምንወስደው። ጊዜ ግን የለንም። ጎርፉ የሚመጣው በክረምት ነው፤ ማሽላውም ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ከዚያ በኋላ ማሳው ባዶ ነው።